የቤተሰቤን ታሪክ ልጽፍ ስል አጎቴ «እኔ ስሞት ጻፊው» አለኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጦሳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይልብኛል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የእናቴ ቤተሰቦች ደሴዎች ናቸው። እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፣ የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እጽፋለሁ። አጫጭር ልቦለዶች አሉኝ፣ አንዳንዶቹ መጽሔት ላይ ወጥተዋል። አሁን ግን ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው። የእናቴን ቤት ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ፈጠራ ሳልጨምርበት፣ እንደሆነው።

አያቴ በሕይወት አለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የተወለደችው «ጣሊያን ሊወጣ ሲል» ነው፤ እንግዲህ 1932 ወይም 33 ይሆናል። ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የሆነውን ከእናቷ ሰምታ ነው የምታውቀው፣ ግን ስትተርከው ያየችው ነው የሚመስለው። የ65ቱን ረሃብ በዓይኗ አይታዋለች። ወንድ አያቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሠርቶ የሚያከራያቸው ክፍሎች ነበሩት። በ1967 ተወረሱ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እናቴ ሁለት ወንድሞች ነበሯት። ትልቁ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ውስጥ ነበር። ታናሹ ተማሪ ነበር፣ ኢሕአፓ ውስጥ ገብቶ ነበር። በ1970 አንድ ቀን ከቤት ወጣ፣ በዚያው ቀረ። አስከሬኑም አልተገኘም። ትልቁ አጎቴ ያኔ ምን ያውቅ እንደነበር፣ ማድረግ የሚችለው ነገር ኖሮ እንደሆነ፣ በቤታችን አንድም ሰው ጮክ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። በዓመት በዓል አብረን እንበላለን፣ እንስቃለን፣ እሱ ነው ዶሮውን የሚባርከው። አያቴ ደግሞ የሁለቱም እናት ናት።

ልጽፍ መሆኔን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ገመናችንን አደባባይ ልታወጪው ነው? እኔ ስሞት ጻፊው» አለኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ የተኛውን አትቀስቅሺ» ትላለች። አያቴ ብቻ ናት «ጻፊው፣ የልጄ ስም የትም ቦታ ተጽፎ አያውቅም» ያለችኝ። ይቺ ንግግሯ እንቅልፍ ነሳችኝ።

እንግዲህ ልጻፈው ወይስ ልተወው? ስም ቀይሬ ልቦለድ ባደርገውስ? ከጻፍኩት ደግሞ በትርፍ ሰዓት የሚሆን አይመስለኝም፣ ሥራዬን ለቅቄ አንድ ጊዜ ደራሲ ሆኜ መኖር አለብኝ የሚል ሐሳብም እየመጣብኝ ነው። የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

---

ባለ ማኅደር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ ሳያርፉ በፊት ትዝታቸውን እየነገሩኝ እኔ ጽፌላቸዋለሁ፣ ስለዚህ የምለው ከዚያ ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዪ። መጻፍ ሌላ ነው፣ ማሳተም ሌላ ነው። አሁን አንቺም አጎትሽም የምትጨቃጨቁት ስለ ማሳተም ነው። እሱ ገና ሩቅ ነው። ቅርቡ ነገር የአያትሽ ዕድሜ ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ጸሐፊው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ተጽፎ ስለተቀመጠ ግን ይኸው ዛሬ እናነበዋለን። ስለዚህ «ይታተም አይታተም» የሚለውን ክርክር ለጊዜው አቁሚውና ነገ ደሴ ሂጂ።

አጠያየቅ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። «እማማ፣ ስለ ደርግ ዘመን ንገሪኝ» ብለሽ ከጀመርሽ የምታገኚው ሬዲዮ ላይ የተባለውን ነው። ትልልቅ ሰዎች ትልቅ ጥያቄ ሲጠየቁ ትልቅ መልስ መስጠት ያለባቸው ይመስላቸዋል። ይልቅ ትንንሹን ጠይቂ። ልጆቹ የት ነበር የሚተኙት? ማን ከማን ጋር? ታናሹ ምን ጫማ ነበረው፣ ማን ገዛለት? ምን ሲበላ ደስ ይለው ነበር? ከቤት የወጣ ቀን ምን ለብሶ ነበር? ከተወረሱት ክፍሎች ውስጥ ማን ነበር ተከራዩ፣ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ይባባሉ ነበር? ከእንደዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ውስጥ ነው ዘመኑ ራሱ የሚወጣው።

ሰዓቱን ምረጪ። ቡና ላይ ጥሩ ነው፣ ግን አቦሉ ላይ አይደለም፣ ያኔ ጎረቤት አለ፣ ጨዋታው የሁሉ ነው። ቶናው አልፎ በረካው ሲደርስ ሰው ይሳሳል። ስልክሽን አስፈቅደሽ አብሪው፣ ደብቀሽ እንዳትቀጂ። በየማታው ድምፁን ሌላ ቦታ ገልብጪ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል።

ስትገለብጪ ደግሞ የአያትሽን አማርኛ አታቃኚው። ወሎዬ የሚልበት መንገድ አለው። «አብሽሪ» ካሉሽ «አይዞሽ» ብለሽ አትቀይሪው። ብዙ ሰው የእናቱን ንግግር ወደ ዜና አማርኛ ይቀይርና እናቱ ከመጽሐፉ ውስጥ ትጠፋለች።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ ቀን ጠብቀሽ ጠይቂ። የልጃቸው እርም ወጥቷል? በዚያ ጊዜ ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ እንዳያለቅስ ይከለከል እንደነበር ታውቂያለሽ። አስከሬን ያላገኘ ደግሞ «ምናልባት ሱዳን ገብቶ ይሆናል» እያለ ስንት ዓመት በር በሩን ሲያይ ኖሯል። እርሙ ወጥቶ ከሆነ መቼ፣ ማን ወሰነ፣ ምን ተብሎ ተለቀሰ? አልቃሿ ያወጣችው ሙሾ ካለና አያትሽ ካስታወሱት፣ ቃል በቃል ያዢው። እርሙ ካልወጣ ደግሞ መጽሐፍሽ ስለ ምን እንደሆነ ያኔ ይገባሻል ብዬ አስባለሁ።

---

መዝገብ ወዳድ

ባለ ማኅደር ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር፣ ምክንያቱም አፍ ብቻውን ዓመት ያምታታል። በእኛ ቤት አንድ ሠርግ በሦስት ሰው አፍ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነበረው።

ከቤት ጀምሪ። ሳጥን፣ አልጋ ሥር፣ ከምስል ጀርባ። የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ ደብዳቤ። ፎቶ ካገኘሽ ጀርባውን አገላብጪ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን አለበት። የእድር መዝገብ ደግሞ ብዙ ሰው አያስበውም። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ለማን ድንኳን እንደተተከለ እዚያ ነው ያለው። የታናሹ አጎትሽ ስም እዚያ አለመኖሩ ራሱ አንድ ነገር ይነግርሻል።

የተወረሱት ክፍሎች ነገር በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው፣ ሐምሌ ላይ የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ወደ ቀበሌ ነው የሄደው፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች። ስለዚህ መጀመሪያ አያትሽን ኪራዩ ስንት እንደነበር ጠይቂ፣ ከዚያ ፋይሉን የት እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ። ጋዜጣ ካስፈለገሽ አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ የወጣ ነው። ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሂጂ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አለ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የሰለባዎች ስምና ፎቶ ይዟል። ካላየሽው እናትሽን ሳትይዢ መጀመሪያ ብቻሽን ግቢ። ታናሹ አጎትሽ ደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የተማረ ከሆነ ደግሞ የክፍል ጓደኞቹ ዛሬ ስልሳ አምስት፣ ሰባ ናቸው። አሉ። ብዙዎቹ የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው ነው እንጂ ማውራት ይፈልጋሉ።

ስለ ስም። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ይለያያል፣ ቤተ ክርስቲያን የምታገኚው በክርስትና ስሙ ነው። ቤታችሁ ወሎ ስለሆነ የሙስሊም ወገንም ሊኖራችሁ ይችላል፣ አያት ቅድመ አያቱን ስትቆጥሪ በሁለቱም በኩል ቁጠሪ። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ቅጂው።

ስለ ቀን። ከፈረንጅ ሰነድ ጋር ስታነጻጽሪ ሁልጊዜ 8 አትቀንሺ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው 8 የሚሆነው። ለምሳሌ የደሴ ድብደባ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ነው፣ በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1928። በ8 ብትቀንሺ አንድ ዓመት ትሳሳቻለሽ፣ ማይጨው ሳይደርስ ጦርነቱን ታዘበራርቂዋለሽ። ንጉሠ ነገሥቱ የዚያን ቀን እዚያው ደሴ ነበሩ። የአያትሽ እናት አይተዋቸው ይሆን? ጠይቂ እስቲ።

---

ብዕር አይነጥፍ

እኔ ከሁላችሁም የተለየ ሐሳብ አለኝ። ልቦለድ አድርጊው።

ልቦለድ ጸሐፊ ነሽ፣ መሣሪያው በእጅሽ አለ። አጎትሽ በሕይወት አለ፣ ልጆች ይኖሩታል፣ የልጅ ልጆች ይኖሩታል፣ እነሱ ምን አጠፉ? ስሙን ቀይሪ፣ ከተማውን ቀይሪ፣ ሁለት ወንድማማቾች አድርገሽ ጻፊው። የማታውቂውን ደግሞ መሙላት ትችያለሽ። በእውነተኛ ታሪክ ውስጥ አጎትሽ ያን ቀን ምን እንዳሰበ መጻፍ አትችይም፣ በልቦለድ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጠሽ ማደር ትችያለሽ። ከጥያቄሽ እንደገባኝ አንቺን የሚያቃጥልሽ እሱ ነው። የእሱን ዝምታ ከውስጥ ማየት ነው የምትፈልጊው። ይህን የሚፈቅድልሽ ልቦለድ ብቻ ነው።

---

ሰኔ ሠላሳ

ብዕር አይነጥፍ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፣ ግን አልስማማም። አያቷ ምን አሉ? «የልጄ ስም የትም ቦታ ተጽፎ አያውቅም» ነው ያሉት። ስሙ ተቀይሮ መጽሐፍ ቢሆን ለእኚህ እናት ምን ይጠቅማቸዋል? ሌላ ስም ያለው ልጅ ታሪክ ይነበብላቸዋል። ልጃቸው አሁንም አልተጻፈም ማለት ነው። ደግሞ ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስሙን «ባሕር ዳር» ብትዪው እንኳ የሚያውቅ ሰው ያውቃችኋል፤ አጎትሽ ይጋለጣል፣ ግን መልስ የሚሰጥበት ቦታ አይኖረውም፣ ምክንያቱም «ልቦለድ ነው» ትያለሽ። እኔ ይሄኛው ይከፋል ባይ ነኝ።

ሕግ ነው ሥራዬ፣ ስለዚህ አጠር አድርጌ ልናገር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስም ማጥፋትን የሚያየው በሕይወት ላለ ሰው ነው። የሚጠላ፣ የሚናቅ፣ የሚሳቅበት እንዲሆን አድርገሽ ከጻፍሽ ሊከስሽ ይችላል። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማውጣትም፣ በምስጢር የተጻፈ ደብዳቤን ያለ ጸሐፊው ፈቃድ መግለጽም እዚያው ሕግ ውስጥ ክልከላ አላቸው። ስለዚህ «ጠቁሞ አስገደለው ይባላል» ብለሽ በወሬ አትጻፊ። ያየሽውን፣ የሰማሽውን፣ ማን እንደነገረሽ፣ ያላወቅሽውን ለይተሽ ጻፊ። «የት እንደነበር አናውቅም፣ ጠይቀነው አናውቅም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፣ ማንም አይከስሽበትም። ለእኔ ደግሞ ከየትኛውም ክስ በላይ ከባድ ነው።

ደግሞ አጎትሽን ገና ከአሁኑ ወንጀለኛ አታድርጊያቸው። አብዮት ጥበቃ የገባ ሁሉ ገዳይ አልነበረም። የገባበትን ምክንያት፣ የወጣበትን ቀን፣ ወንድሙን ለማስመለጥ ሞክሮ ይሆን አይሆን አናውቅም። ምናልባት አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ የሚጠይቀው ሰው እየጠበቀ ይሆናል። ራሱ በቃሉ የሚናገርበት አንድ ምዕራፍ ስጪው። ካልፈለገም የእሱ ድርሻ ነው።

---

ከነታንያ

ሰላም ከእስራኤል። የኔ ታሪክ ሌላ ነው ግን የአጎትሽ ዝምታ ቤታችን ውስጥም ስለነበር ልጻፍ አልኩ።

ወላጆቼ ቤተ እስራኤል ናቸው፣ ከጎንደር ገጠር በእግራቸው ወጥተው ሱዳን የገቡ ናቸው። ኡም ራኩባ ካምፕ ነበሩ። በ1977 ኅዳር ላይ በጀመረው የአውሮፕላን ጉዞ ነው የመጡት፣ «ኦፕሬሽን ሙሴ» የሚባለው። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚሆን ሕዝብ ነው ያለቀብን። ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው። እናቴ ሱዳን ላይ ልጅ ቀብራለች። ይህን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፣ እሱንም ከአክስቴ።

እናቴን ቁጭ ብላ ፊት ለፊት ስጠይቃት ዝም ነው። «ያለፈ ነው ልጄ፣ እግዜር ያውቃል።» የተናገረችው ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ነው። እንጀራ ስትጋግር ከጀርባዋ ቆሜ ሳግዛት፣ እጇ ሥራ ላይ እያለ፣ ፊቷ ወደ ምጣዱ ዞሮ። አንድ ነገር ትልና ምጣዱን ትከድናለች። ከዚያ ወሬው ይቀየራል። በሌላ ቀን ካቆመችበት ትቀጥላለች። እህቴ፣ አጎትሽን ሳሎን ቁጭ አድርገሽ ስልክ ፊቱ ደቅነሽ እንዳትጠይቂው። መኪና እየነዳ፣ ወይም አጥር እየጠገነ፣ ወይም መንገድ አብራችሁ እየሄዳችሁ።

ሁለተኛ ነገር። እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ የጻፍኩትን ለማንም ከማሳየቴ በፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ይህ በጣም ረድቶናል። «እንዲህ አላልኩም» አለች፣ አስተካከልን። «ይሄን አውጪው» አለች፣ አወጣሁት። የሕፃኑን የመቃብር ቦታ አስመልክቶ የነገረችኝን አንድም ቃል አላሰፈርኩም፣ ምክንያቱም ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው አልነገረችውም። መጽሐፉ በዚህ አልጎደለም። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ያልጠየቅኳትን ነገር ሁሉ ነገረችኝ፣ አመነችኛ። አያትሽ ቢያነቡም ባያነቡም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ልጆቼ የሚያነቡት ዕብራይስጥ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩ፣ የእናቴ ንግግር በዕብራይስጥ ሊገባልኝ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ነው የተተረጎመው። የናንተም ቤት ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ካሉ አስቢበት፣ ግን መጀመሪያ በአያትሽ ቋንቋ።

---

አርታኢው

ስለ ሥራና ስለ ገንዘብ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልመልስ። ብዙ ዓመት የሰው ረቂቅ ሳርም ኖሬአለሁ።

ከባንክ አትውጪ። ይህን የምልሽ ችሎታሽን ተጠራጥሬ አይደለም። እኛ አገር ደራሲው ራሱ ነው አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚው። የማተሚያ ቤቱን ክፍያ አስቀድመሽ ትከፍያለሽ፣ ወረቀቱ ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፣ ዛሬ የነገሩሽ ሒሳብ ከወር በኋላ ላይሠራ ይችላል። ከዚያ አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ላይ ደህና አድርጎ ይቆርጣል፣ ብሩን የምታገኚው ደግሞ ተሽጦ ነው። በዚህ ላይ የቤት ኪራይ ተጨምሮበት የምትጽፊው ምዕራፍ የተጣደፈ ነው የሚሆነው። በአማርኛ ከሚነበቡት ትልልቅ ደራሲዎች ብዙዎቹ ደመወዝተኛ ነበሩ። ሀዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ፣ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ሥራው አላገዳቸውም። የፈጠራ ሕይወት ማለት ሙሉ ቀን ነፃ መሆን አይደለም፣ በየቀኑ ማንም የማይነካብሽ ሰዓት መኖር ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት ይሁን፣ ማታ ቤቱ ሲተኛ ይሁን፣ አንዱን ምረጪና ለቤተሰብሽ ተናገሪ። ሰው እንዲያከብርልሽ መጀመሪያ አንቺ አክብሪው። የዓመት ፈቃድሽን ደግሞ ለደሴ አስቀምጪው።

ልቦለድሽንም እንዳታቆሚ። የቤተሰብ ታሪክ ሰውን ይጨርሳል፣ በተለይ እንዲህ ዓይነቱ። ከ1970 ምዕራፍ ወጥተሽ የምታርፊበት ሌላ ጽሑፍ ያስፈልግሻል።

አሁን ትንንሽ ግን ብዙ ሰው ያስለቀሱ ነገሮች ልንገርሽ። በዩኒኮድ ጻፊ። በድሮዎቹ የግእዝ ፊደሎች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ሙሉ ረቂቅ እንደገና ያስለቀሙ ሰዎች አውቃለሁ። ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ያው ፊደል እንዲነበብ ከመጀመሪያው አረጋግጪ። የፊደል አጠቃቀምሽን ወስኚ። «ሐዘን» ካልሽ እስከ መጨረሻው «ሐዘን» ነው፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ «ሀዘን» አይሁን። የሰዎችን ስም፣ የተወለዱበትን ዓመት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በሌላ ደብተር ያዢ። እኔ ያረምኩት አንድ ረቂቅ ውስጥ አንዲት አክስት ሞታ ከተቀበረች በኋላ ለፋሲካ እንግዳ ሆና መጣች።

ሲያልቅ በሺዎች አታሳትሚ። በዲጂታል ማተሚያ ለዘመድና ለጓደኛ የሚሆን ትንሽ ቅጂ አስወጪ። አያትሽ ይዳስሱት፣ አጎትሽ ያንብቡት፣ ስህተት ያለው ይናገር። ከዚያ ነው ለአደባባይ የሚሆነውን የምታስቢው። ያኔ የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን ከወመዘክር ታወጫለሽ። ቅጂ መብቱ ያንቺ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዕድሜሽን ሙሉና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾችሽ ይቆያል። አትቸኩዪ ማለቴ ነው።

---

የጦሳ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እያነበብኩ አለቀስኩ፣ በተለይ የነታንያዋ እህቴ የጻፈችውን። እናትሽን እግዚአብሔር ያቆይልሽ።

ልቦለድ የሚለውን ትቼዋለሁ። ብዕር አይነጥፍ ያልከው ስለ አጎቴ ዝምታ ልክ ነህ፣ ግን አያቴ የጠየቀችኝ ስሙን ነው። ሥራዬንም አልለቅም። ለሥላሴ ፈቃድ እወጣና አያቴ ጋ እቆያለሁ።

ስለ እርሙ እናቴን በስልክ ጠየቅኳት። አልወጣም አለችኝ። አያቴ እስከ ዛሬ እምቢ ብላለች። ይህን እስከ አሁን አላውቅም ነበር።

የቀረኝ አጎቴ ነው። ከእኔ ጋር ደሴ መሄድ እንደሚፈልግ እናቴ ነገረችኝ፣ እሱ በመኪናው ሊወስደኝ። ሙሉ ቀን መንገድ ነው። ለምን እንደፈለገ አልገባኝም። ልጠይቀው? ከጠየቅኩትስ ከየት ልጀምር?

---

ሰኔ ሠላሳ

ሂጂ። እናትሽን አትውሰጂ፣ እሷ ካለች ሁለታችሁም እሷን ስትጠብቁ ነው መንገዱ የሚያልቀው።

ከ1970 አትጀምሪ። ከልጅነታቸው ጀምሪ። ጦሳ ተራራ ላይ አብረው ወጥተው ያውቁ እንደሆነ፣ ማን ማንን ይመታ እንደነበር፣ ታናሹን ትምህርት ቤት ማን ያደርሰው እንደነበር። ስለ ወንድሙ በጥሩ ያወራበት ጊዜ ብዙ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም። ደብረ ብርሃንን ሳታልፉ ሌላውን አታንሺ፣ ጣርማበር ላይም ሰው ምሳ ያስባል። ከከሚሴ በኋላ ራሱ ወደዚያ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂው፣ በቀጥታ፣ «ያን ቀን የት ነበርክ?» ብለሽ። ስልክሽን አታብሪ። ከመለሰ ደሴ እንደገባሽ ማታውኑ ጻፊው፣ ለመጽሐፉ መጠቀም ትችይ እንደሆነ ደግሞ በሌላ ቀን አስፈቅጂው። ካልመለሰ አትድገሚው፤ ቀኑንና ቦታውን ያዢ፣ እንደጠየቅሽውም ጻፊ።

---

ባለ ማኅደር

ከመሄድሽ በፊት አያትሽ ጋ ደውይና አብራችሁ እንደምትመጡ ንገሪያቸው። ድንገት እንዳይሆንባቸው።